ሬሕማ በስድስተኛው ክፍል የተናገረችው

ካርቱም ውስጥ የረመዳን ጾም የሚፈታው በቴምር ነው፤ ከቴምሩ ቀጥሎ ደግሞ በቴሌቪዥን። ያን ዓመት የደረሰብን ድራማ «የበረዶ ልጆች» ይባል ነበር። በረዶ ያሉት አይስን ነው፤ የከተማውን ወጣት ጥርስና እንቅልፍ የጨረሰውን ነጭ ዕፅ። ዕፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ድራማው ብዙ አልደከመም። ወደብ አልሄደም፣ ጉምሩክ አልጠየቀም፣ መስታወታቸው የጠቆረ መኪናዎችን አስቁሞ ውስጣቸውን አላየም። ሐበሻ ሴት አመጣችው ብሎ ተገላገለ። ሐበሻ ሴት ርካሽ መልስ ናት። ጠበቃ የላትም፣ ጎሳ የላትም፣ ጣቢያው ላይ ደውሎ የሚጮህ አጎት የላትም።

በጽሑፉ ላይ ሴትዮዋ ስም እንኳን አልነበራትም፤ «ሐበሽያዋ» ብቻ ትባላለች። ፖሊሱ ስም አለው፣ የፖሊሱ ውሻ ስም አለው። እኛስ ምን አደረግን? የእኛ ማኅበር ስብሰባ ጠራ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተበተነ። አንዳንዱ ስብሰባተኛ ሲወጣ ለድራማው ሐበሻ የሚመለምለውን ሰው ጥግ ወስዶ የጠየቀው «ለእኔስ የምትሆን ቦታ የለችም?» ብሎ ነው።

ይህችን ስም የለሽ ሴት እንድትጫወት የተመረጠችው ሬሕማ ናት። ሬሕማ የወሎ ልጅ ናት፤ አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሉጥፊያ ቤት ለዓመታት አጥባለች፣ ቀቅላለች፣ ወልውላለች። ሉጥፊያ በየሳምንቱ የበጎ አድራጎት ስብሰባ የምትመራ፣ ስለ ድሆች ስትናገር ድምጿ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። ሬሕማ ከዚያ ቤት የተባረረችው ለምን እንደሆነ ከሰማችሁ ድራማው የትኛው እንደሆነ ይምታታባችኋል፤ ለሉጥፊያ ልጅ ለኢክሪማ አይስ ታቀርቢለታለሽ ተብላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኢክሪማ ዩኒቨርሲቲ ነኝ ይላል እንጂ ክፍሉን ዘግቶ ከግድግዳ ጋር የሚጨቃጨቅ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን እናቱ ከትራሱ ሥር የተቃጠለ ፎይልና የብርጭቆ ቧንቧ አገኘች። «ማን ሰጠህ?» አለችው። ልጁ ብዙ አላሰበም፤ «ሐበሽያዋ» አላት። ሬሕማ በዚያው ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ በተማረችው ጥርት ያለ ዐረብኛ እውነቱን ነገረቻት። በየዓመቱ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት በውኃ የሚሠሩትን የአየር ማቀዝቀዣዎች ገለባ የምትቀይረው እሷ ናት። ሱጡህ ላይ፣ ማለት የቤቱ ጣራ ላይ፣ ከተደረደሩት ማቀዝቀዣዎች፣ ሙከይፍ ከምንላቸው፣ አንዱ ከተበላሸ ቆይቷል። ከእሱ ገለባ ጀርባ የታሰረ ከረጢት አይታለች። «ውጪና እዪው» አለቻት። ሉጥፊያ አልወጣችም። ከወጣች ልታገኘው ነው፤ ካገኘችው ማመን ሊኖርባት ነው። ይልቅ በጥፊ መታቻት፣ በሩን አሳየቻት፣ ጀዋዟን፣ ማለት ፓስፖርቷን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባት፣ ከዚያም ከግራው ጎረቤት ጀምራ ለመንገዱ ሁሉ አወራች፤ ዕፅ ሻጭ ከቤቴ አወጣሁ ብላ።

ጀዋዝ የሌለው ሰው ካርቱም ላይ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አገሩ አይገባም፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ባስቆመው ቁጥር ደግሞ አገር የለውም። ሬሕማ ካላክላ በሚባለው ሰፈር የኔነሽ ከምትባል ያገሯ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠጋች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሉጥፊያ የወሰደችባትን ይዛ አገሯ መግባት፣ ጀዋዟንም ስሟንም። ሌባ ተብሎ የተባረረ ሰው ቢያንስ ሰርቆ ይሆናል። እሷ ይዛው የምትገባው የሌላ ሰው ቆሻሻ ነበር።

በላይነህ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በላይነህ በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ፣ «የማኅበረሰቡ ተጠሪ» የሚል ካርድ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ያሳተመ ሰው ነው። ማን እንደመረጠው ጠይቀን እናውቃለን፤ ኮቱን አስተካክሎ ያልፋል። ለቤት ሠራተኛ ማዳም ያገናኛል፣ ለማዳም ሠራተኛ ያገናኛል፤ አሁን ደግሞ ለድራማው ሐበሻ ያቀርባል።

«ሬሕማዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ ልትወጪ ነው» አላት።

«ምን ሆኜ?»

«አንዲት ሐበሻ ሆነሽ።»

«እሱንማ በነጻም ሆኛለሁ።»

የኔነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ሴትዮዋ ሥራዋ ምንድን ነው?» አለች።

በላይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነጋዴ ነች።»

«የምን?»

«ድራማ ነው እኮ የኔነሽ። እያንዳንዷን ነገር አትመርምሪ።»

«ጋሽ በላይነህ፣ የምን ነጋዴ ናት?»

ነገራቸው። የኔነሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እዚህች ልጅ ላይ የተለጠፈውን ስም አታውቅም? አንተ አይደለህ እንዴ እዚያ ቤት ያስገባሃት?»

«ስለማውቅ እኮ ነው» አለ፣ ምንም ሳያፍር። «ፊቷ ላይ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነው። ሙኽሪጁ እንዲህ ያለ ፊት ነው አምጣ ያለኝ።»

ሙኽሪጅ ማለት የድራማው አዘጋጅ ነው። ሬሕማ «እሄዳለሁ» አለች። የኔነሽ ተቆጣች። ሬሕማ «ከዚህ በላይ ምን ስም ይሰጡኛል?» ብቻ አለቻት።

ቀረጻው ኦምዱርማን ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ አሮጌ ግቢ ነበር። ድራማው እየተቀረጸ ነበር የሚተላለፈው፤ ትናንት የተነሳውን ዛሬ ያሳዩታል። ስለዚህ ማንም ሰው ቆም ብሎ የሠራውን አያይም። ሙኽሪጁ በዚያ ወበቅ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ነው። ስለ ወጣቱ መጥፋት ለጋዜጠኛ ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ ንግግሩን እንደጨረሰ ከመኪናው ጀርባ ተደብቆ በጾሙ ሲጋራ ያጨሳል።

የልብስ ኃላፊዋ ለሬሕማ የሐበሻ ቀሚስ አለበሰቻትና ከአንገቷ ላይ መዳፍ የሚያህል መስቀል አንጠለጠለች።

«እኔ ሙስሊም ነኝ» አለች ሬሕማ። «ጾሜን ነኝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ሐበሻ ሙስሊም አለ እንዴ?»

ሬሕማ በላይነህን አየችው። በላይነህ ሰማይ ሰማዩን አየ። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት እንደሚያድጉ፣ ካላክላ ላይም ሬሕማ ረመዳንን የኔነሽ ዐቢይ ጾምን በአንዲት ክፍል እንደሚጾሙ ለዚህች ሴት ማን ይንገራት? እሷ የምታውቀው ልብሱን ነው። መስቀሉን የምታከብረው የኔነሽ ብታየው ሬሕማ ከተቀየመችው በላይ ትቀየም ነበር።

ዕፅ ተብሎ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ድፍን ጨው ነበር። ሬሕማን ከጨው ክምሩ ጀርባ አቆሟት። ፊት ለፊቷ ሁለት ጎረምሶች ጭንቅላታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ሎሌዎቿ መሆናቸው ነው።

«ያላ፣ ተናገሪ» አለ ሙኽሪጁ።

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን። በራሳችሁ ቋንቋ። ተቆጪ፣ እጅሽን አወናጭፊ። ትርጉሙን እኛ ከሥር እንጽፈዋለን።»

«የፈለግሁትን?»

«የፈለግሽውን አልኩሽ። ማን ይሰማሻል?»

ሬሕማ ጨውን አየችው፤ ከዚያ ካሜራውን። ድምጿ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሉጥፊያ፣ አንቺን ነው። ስሚኝ እንግዲህ። የልጅሽን ትውከት የጠረግሁት እኔ ነኝ። ሌሊት ከግድግዳ ጋር ሲጣላ ‹ኢክሪማ፣ ኻላስ፣ ተኛ› እያልኩ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ በርሽን ዘግተሽ ተኝተሽ ነበር። አይሱን ማን አመጣው አልሽ? ሱጡህ ላይ ውጪ። የተበላሸውን ሙከይፍ ክፈቺ። ከገለባው ጀርባ በጥቁር ከረጢት ታስሮ ታገኚዋለሽ። ይህን በራስሽ ቋንቋ ነግሬሽ በጥፊ መታሽኝ። ጀዋዜ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ፣ ከወርቅሽ ሥር ነው። አውቃለሁ፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ጀዋዜን አምጪ። ስሜንም ከወሰድሽበት በር ሁሉ እየዞርሽ መልሺልኝ። ይኸው፣ በአገር ፊት ነገርኩሽ።»

ሙኽሪጁ አጨበጨበ። «ያ ሰላም» አለ፤ «ወንጀለኛነቱ ዓይኗ ውስጥ ይታያል። አንድ ጊዜ በቃ፣ አንደግመውም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ የካርቱም ሐበሾች አማርኛችን ግማሹ ዐረብኛ ነው። ጣራ አንልም፣ ሱጡህ እንላለን፤ ፓስፖርት አንልም፣ ጀዋዝ እንላለን። አገር ቤት ስንደውል ዘመዶቻችን «ምን አልክ?» ይሉናል። ሬሕማ በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ የሙኽሪጁን ቋንቋ በጆሮው አፈሰሰችለት። እሱ ግን ሐበሻ ስትናገር መስማት የሚባል ነገር እንዳለ ስለማያውቅ አንዲት ቃል አልያዘም። ድምፅ የቀዳውም፣ ያቀናበረውም፣ ያሳለፈውም እንደዚያው።

ስድስተኛው ክፍል በማግስቱ ከኢፍጣር በኋላ ተላለፈ። ሬሕማ ስትናገር ከሥር የተጻፈው ይህ ነበር፦ «ዕቃው ከዒድ በፊት ይግባ። የሀብታም ልጆች እየጠበቁኝ ነው። የከዳኝን አርደዋለሁ።»

ካላክላ ላይ ግቢው ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ነበር። መጀመሪያ ላይ «ሬሕማ፣ ሬሕማ» እያሉ የሳቁት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። አርካዊት ላይ የሆነው ግን የተለየ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሐበሻ የሌለችበት ቤት የለም። የኢፍጣሩን ሳሕን የሚያጥቡት ሴቶች ከሳሎን አማርኛ ሲሰሙ እጃቸው አረፋ እንደሆነ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ማዳሞቹ የሠራተኞቻቸውን ፊት አዩ፤ ከሥር የተጻፈውንም አዩ። አልገጠመላቸውም። ከዚያ በየቤቱ ያው ጥያቄ ተጠየቀ፤ «ምንድን ነው ያለችው?»

በዐረብኛ ስትጮህ አንድ ሰው ያልሰማትን ሴት አሁን ሰፈሩ ሁሉ በአስተርጓሚ ሰማት።

በማግስቱ ከሰዓት በላይነህ ክራቫቱ ዞሮ ካላክላ ደረሰ። ሉጥፊያ ደውላለት ነበር። ሬሕማን ይዘህልኝ ና ብላዋለች። የኔነሽ «እኔም ልምጣ» አለች፤ ሬሕማ «የሠራሁት ወንጀል የለም፣ ለምን አጃቢ?» ብላ ተወቻት። አውቶቡሱ ላይ በላይነህ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚለውን ያጠና ነበር።

«አንቺ ምንም አትናገሪ። እኔ አለሳልሰዋለሁ። አየሽ፣ ሰው በንዴት እንጀራውን አይደፋም። ሙኽሪጁ እኮ ደውሎልኛል፤ በጣም ወዶሻል። እስከ ዒድ ድረስ ድራማው ውስጥ ትግባ ይላል።»

«እስከ ዒድ?»

«በየክፍሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ለአንዲት ጀዋዝ ብለሽ ታበላሺዋለሽ?»

ሬሕማ መስኮቱን ትመለከት ነበር። «አይ፣ አላበላሽም» አለች።

ሉጥፊያ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የስድስተኛው ክፍል ቁራጭ ተከፍቶ ቆሟል፣ የሬሕማ አፍ ግማሽ ተከፍቶ። ቁጭ በሉ አላለችም።

«ምንድን ነው ያለችው?» ብላ በላይነህን ጠየቀችው። ሬሕማ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች።

«ሲት ሉጥፊያ፣ ይህ የድራማ ጽሑፍ ነው» አለ በላይነህ። «ጽፈው የሰጧትን ነው ያነበበችው።»

«ስሜን ጽፈው ሰጧት?»

«ስምሽን የጠራችው ከፍቅር ነው። በእኛ ባህል ሰው የሚናፍቀውን ሰው ስሙን እየጠራ ይቆጣል።»

«ኢክሪማንስ?»

«ኢክሪማንም ናፍቃው ነው። ያሳደገችው ልጅ አይደል?»

«ሙከይፉንስ?»

በላይነህ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ሙቀቱን ማንሳቷ ነው። የዘንድሮ ሙቀት እኮ…»

እንዲህ ነው የእኛ ተጠሪ። ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ በሦስቱም አፉን የሚከፍተው ለመዋሸት ነው።

«ዝም በል» አለችው ሉጥፊያ። «ዛሬ ጠዋት ሱጡህ ላይ ወጥቻለሁ።»

ሬሕማ ያኔ ነው አፏን የከፈተችው። «አገኘሽው?»

«ምን አገባሽ?»

መልሱ ይህ ነበር። ሉጥፊያ ቀጥላ ኢክሪማ በጠዋቱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ አጎቱ ዘንድ እንደተላከ ነገረቻቸው። «ልጄ ታሟል» አለች። በዚያ ቤት ሕግ አይስ ኢክሪማ እጅ ላይ ሲገኝ በሽታ ነው፤ በሬሕማ ስም ሲወራ ወንጀል ነው። ይቅርታ የምትል ቃል በሳሎኑ ውስጥ አላለፈችም። ለድሆች ሲሆን የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ያን ቀን እንደ ብረት የቀና ነበር።

«ስሚ» አለቻት። «ነገ ተመልሰሽ ሥራሽን ጀምሪ። በሩን ስትጠርጊ ጎረቤት ይይሽ። እዚህ ካዩሽ ወሬው ያልቃል።»

«ጀዋዜስ?»

«ቤትሽ ገብተሽ ጀዋዝ ምን ያደርግልሻል? ከእኔ ዘንድ ይሁን።»

በላይነህ እጁን አጨበጨበ። «አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ። በይ ሬሕማዬ፣ አመስግኚ እንጂ።»

ሬሕማ አላመሰገነችም። አስቡት፤ የጠፋው ስሟ ሳይሆን የሉጥፊያ ስም ነው የሚጠገነው፣ መጠገኛውም የሬሕማ ጀርባ ነው። በር እየጠረገች የማዳሟን ንጽሕና ለመንገደኛ ታስጎበኛለች።

«ጋሽ በላይነህ» አለች ሬሕማ ረጋ ብላ፣ በዐረብኛ፣ «ሙኽሪጁ ያለህን ንገራት።»

በላይነህ ጉራ ሲጠየቅ ማሰብ ያቆማል። «ሙኽሪጁማ አብዷል በእሷ» አለ። «እስከ ዒድ በየክፍሉ ትግባ ብሏል። ካርቱም ሁሉ ነው የወደዳት።»

ሉጥፊያ ስልኩን አየች። «ገብታ ምን ልትል ነው?»

«የፈለገችውን» አለ በላይነህ። በሕይወቱ ሞኝነቱ ሰውን የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

«ከሥር የሚጽፉት እነሱ ናቸው» አለች ሬሕማ። «ከላይ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ያን ቀን ቸኩዬ ብዙ ነገር ቀርቶብኛል። የእህትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ኢክሪማ ምን እንዳደረገ አላነሳሁም። ከዚህ በር እስከ አስፋልቱ ስንት ወጥ ቤት አለ፣ ማዳም?»

ሬሕማ ወደ ቀረጻው ግቢ ተመልሳ አልሄደችም፤ ለመሄድም ሐሳብ አልነበራትም። ሙኽሪጁ ስትቀርበት ሌላ ሴት አለበሰና በዘጠነኛው ክፍል ከጀርባ በጥይት አስመታት። ፊቷ አልታየም፤ ሐበሻ ከሆነች ለእሱ ያቺም ያቺው ናት። ሉጥፊያ ግን ያን ቀን ሳሎኗ ውስጥ ይህን አታውቅም ነበር። ያየችው ሃያ ማታ የሚናገር አፍ ነው።

ተነሳች። ከውስጥ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፣ የቁም ሳጥን በር ሲጢጥ አለ። ተመልሳ ጀዋዙን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሬሕማ አንስታ ገለጠችው፤ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ አገር ልታይ የመጣች፣ ጉንጯ የሞላ ነበረች። ዘግታ ጡቷ ሥር ከተተችው።

«አሁን ውጪልኝ» አለች ሉጥፊያ።

«ቶብሽን ልበሺ» አለቻት ሬሕማ።

«ምን?»

«አብረን ነው የምንወጣው። ለጎረቤት የነገርሽውን ሄደሽ መልሺው። ከግራ በኩል እንጀምራለን፤ መጀመሪያ የነገርሽው እዚያ ነው።»

«አብደሻል አንቺ።»

«እሺ። በላይነህ፣ ለሙኽሪጁ ደውልለት።»

በላይነህ እውነት መስሎት ስልኩን አወጣ። ሉጥፊያ ከሱ ስልክ ወደ ሬሕማ፣ ከሬሕማ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ቶቧን፣ ያን ረጅም መከናነቢያ፣ ከወንበሩ ላይ አነሳች። ስትጠቀለልበት ጫፉ ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት። ሬሕማ ሌላ ጊዜ ቢሆን ታነሳላት ነበር፤ ያን ቀን እጇን አጣጥፋ ቆማ ጠበቀች።

መንገዱ ላይ ኢፍጣር ሊደርስ የቀረበበት ሰዓት ነው። ከየቤቱ የሚጠበስ ነገር ይሸታል፤ በየደጃፉ ምንጣፍ እየተነጠፈ ነው። ሉጥፊያ ፈጥና ለመጨረስ ትራመዳለች፣ ሬሕማ ከኋላዋ ሳትቸኩል። በላይነህ በሩ ላይ ቀረ፤ ከማን ጋር እንደሚሆን ገና አልወሰነም ነበር።

የግራውን በር የከፈተችው ሳራ ናት፣ የዚያ ቤት ሠራተኛ። ሬሕማን አየቻት፣ ሉጥፊያን አየቻት። በጨርቅ እጇን እየጠረገች ዞር ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። «ማዳም፣ ሲት ሉጥፊያ መጥታለች። ስለ ሬሕማ የምትለው አላት።»

የቤቱ እመቤት መጣች፣ ከኋላዋ ሁለት ልጆቿ። ሉጥፊያ መሬት መሬቱን እያየች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ስለዚች ልጅ የነገርኳችሁ… ከቤቴ የተገኘው ነገር የእሷ አልነበረም» አለች፣ ለራሱ እንደሚጸልይ ሰው።

«አልሰማሁሽም» አለች ጎረቤቷ።

«ጮክ በይ» አለቻት ሬሕማ። «ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ።»